ካሽ፣ ካሴት፣ ካፕሱል፣ ሻንሲ፦ የአንዲት ሣጥን ልጆች

«ካሽ እና ካሳ አንድ ሥር አላቸው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ስለሚነሣ ነገሩን ላፍታታው። የላቸውም። ጉዳት ለደረሰበት ሰው የሚከፈለው ካሳ «ካሰ» ከሚለው ከገዛ ግሳችን የወጣ ነው። ግራ የሚያጋባው ጣልያኖች የገንዘብ መክፈያውን «ካሳ» ማለታቸው ነው፤ ድምፁ ቢገጥምም ዝምድና የለውም።

የጣልያኑ ቃል የላቲኑ «ካፕሳ» ልጅ ነው። ካፕሳ ሮማውያን ጥቅል መጻሕፍታቸውን የሚያስቀምጡበት ክዳን ያለው ዕቃ ሲሆን፣ ስሙ የመጣው «ያዘ» ከሚል ግስ ነው። ካሽም ከዚሁ ይወርዳል፤ በእንግሊዝኛ መጀመሪያ የገንዘብ ሣጥን ማለት ነበር፣ ኋላ ስሙ ከሣጥኑ ወደ ገንዘቡ ተሻገረ። ምሁራን የሚለያዩት ቃሉ በፈረንሳይኛ በኩል ነው ወይስ በጣልያንኛ የገባው በሚለው ላይ ብቻ ነው።

ካፕሱል «ትንሽ ሣጥን» ማለት ነው። አንዱን በጣታችሁ ከፈት አድርጉት፤ ሁለት ልባስ፣ መካከሉ ዱቄት፤ ስሙ እንዴት እንደሚያምርበት ታያላችሁ። ካሴትም በፈረንሳይኛ ያው ትንሽ ሣጥን ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን በመኪና ሊብሬ ላይ ቁጥሩ የሚጻፈው ሻንሲ ነው፤ እሱም በፈረንሳይኛ «ማቀፊያ ፍሬም» ከሚል ቃል አልፎ እዚያው ካፕሳ ዘንድ ይደርሳል።