ወረቀቱ ኤፍኤስሲ ነው፤ ታዲያ ምልክቱ ለምን አይወጣም?
ኤፍኤስሲ (በኃላፊነት ከሚተዳደሩ ደኖች ለሚገኙ የእንጨትና የወረቀት ውጤቶች ምስክርነት የሚሰጥ ዓለም አቀፍ ድርጅት) የመሰከረለትን ወረቀት መግዛት ብቻውን ብሮሹሩ ላይ ምልክቱን ለማሳረፍ አያበቃም። ማተሚያ ቤቱም ራሱ የ«ቼይን ኦፍ ከስተዲ» (ወረቀቱ ከደን እስከ ኅትመት ያለፈበትን ሰንሰለት የሚያረጋግጥ) ሰርተፊኬት ሊኖረው ይገባል፤ ሰንሰለቱ እሱ ጋ ከተበጠሰ የወረቀቱ ምስክርነት እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ዲዛይነሩ ቦታ ይተዋል፣ የምልክቱን ፋይል ግን ማተሚያ ቤቱ ይሰጣል።

ምልክቱ ላይ ያለውን ኮድ ልብ ይበሉ። «ኤፍኤስሲ-ሲ» ብሎ 6 አኃዝ የሚከተለው ቁጥር የሰርተፊኬቱ ባለቤት መለያ ነው። ኮዱ ካለፈው ሥራ ኮፒ ተደርጎ አዲሱ ሥራ ሌላ ማተሚያ ቤት ከገባ፣ ሥራው የሌላ ድርጅት ኮድ ይዞ ይታተማል። ከታተመ በኋላ ደግሞ ማረሚያ የለውም።

ምልክቱ ላይ የሚጻፈው «ሚክስ» (ድብልቅ) ማለት «ሪሳይክልድ» (ጥቅም ላይ ከዋለ ወይም ከተረፈ ነገር እንደገና የተሠራ) ማለት አይደለም፤ «ሚክስ» ወረቀት ሙሉ በሙሉ አዲስ ከተቆረጠ እንጨት ሊሠራ ይችላል። «ሪሳይክልድ» በሚለውም ውስጥ ሰው ተጠቅሞ የጣለው ብቻ ሳይሆን የፋብሪካ ቁርጥራጭም ይቆጠራል።