በኮምፓይለር መካከለኛ ኮድ ውስጥ ቋሚ እሴት ምንድን ነው?

24 ሲባዛ በ60፣ እንደገና ሲባዛ በ60። መልሱ 86,400 ነው፤ የአንድ ቀን ሴኮንዶች። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ፕሮግራሚንግ የሚለማመዱ ልጆች ግን ከዚሁ ስሌት 20,864 ወጣባቸው። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ የብሎካቸውን ሮቶ የሚሞላ ፓምፕ አርዱዊኖ ኡኖ በምትባል ትንሽ የኮምፒውተር ቦርድ ሊቆጣጠሩ ነበር። ፓምፑ በቀን አንዴ መነሳት ሲገባው በየ5 ሰዓት ከ47 ደቂቃው ይነሳል። ሽቦ ፈተሹ፣ ሪሌ ቀየሩ። ችግሩ እዚያ አልነበረም። ፕሮግራሙ ቺፑ ላይ ከመጫኑ በፊት፣ ገና ላፕቶፑ ላይ እያለ፣ ኮምፓይለሩ ማባዛቱን ራሱ ሠርቶ ጨርሶታል።

ኮምፓይለር የጻፍነውን ኮድ ተቀብሎ ወዲያው ወደ ማሽን ቋንቋ አይለውጠውም። መጀመሪያ ለመመርመርና ለማሻሻል በሚመቸው በራሱ መልክ ይጽፈዋል። መካከለኛ ኮድ የሚባለው ይህ ነው። እዚያ ውስጥ አንዳንዱ እሴት የሚታወቀው ፕሮግራሙ ሲሠራ ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ከሴንሰር የሚነበብ የውሃ ልክ። ሌላው ግን ከመጀመሪያው የተቆረጠና የማይለወጥ ነው። ይሄኛው ነው ቋሚ እሴት፣ በተለምዶ ኮንስታንት የምንለው።

ብዙ ሰው ኮንስታንት ሲባል ቁጥር ብቻ ይመስለዋል። ቁጥር ብቻውን ግን አይበቃም። «ብሎክ 120» ብትሉት ባለታክሲው የት ያደርሳችኋል? ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ ወይስ ቦሌ አራብሳ? ሳይቱ መነገር አለበት። ቋሚ እሴትም ዓይነቱን፣ በተለይ ደግሞ የቢት ስፋቱን (ስንት የ0 ወይም የ1 ቦታ እንደሚይዝ)፣ ይዞ ነው መዞር ያለበት። ባለ 8 ቢት 1 እና ባለ 64 ቢት 1 ለኮምፓይለሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

የፓምፑም ጣጣ የመጣው ከዚሁ ነው። በአርዱዊኖ ኡኖ ላይ ተራው ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) 16 ቢት ነው። የሚይዘው ከ32,767 አይበልጥም። 86,400 አይገባበትም። በ16 ቢት የሚጻፉት እሴቶች 65,536 ናቸው፤ ከ86,400 ላይ ይህ ሲቀነስ የሚተርፈው 20,864 ነው። የሲ ቋንቋ ደንብ እንዲህ ያለው መትረፍረፍ ምን እንደሚያስከትል አይወስንም። አርዱዊኖ የሚጠቀምበት ኮምፓይለር፣ ጂሲሲ፣ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ማስጠንቀቂያው ከተዘጋ ግን የሚያይ የለም። መፍትሔው ቀላል ነው። የመጀመሪያውን 24 «ሎንግ» ማድረግ በቂ ነው፤ ስሌቱ በ32 ቢት ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ላፕቶፑ ባለ 64 ቢት ነው። ኮምፓይለሩ በላፕቶፑ በራሱ ኢንቲጀር ቢያሰላ ኖሮ 86,400 ባገኘ ነበር። ይህ ጥሩ ይመስላል፤ ግን አደገኛ ነው። ያኔ አንድ ስሌት አስቀድሞ ሲሰላ አንድ መልስ፣ ቺፑ ላይ ሲሰላ ሌላ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ስለዚህ ጥሩ ኮምፓይለር በራሱ ማሽን ልክ አያሰላም፤ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ማሽን ልክ ነው የሚያሰላው። ኮምፓይለር መሥሪያ የሆነው ኤልኤልቪኤም ለዚህ ብሎ ማንኛውንም የቢት ስፋት የሚይዝ የራሱ የቁጥር ዓይነት አለው፤ ኤፒኢንት ይባላል። በአንጻሩ አርቲኤል በሚባለው የጂሲሲ መካከለኛ ኮድ ውስጥ ኢንቲጀር ኮንስታንት ስፋቱን አብሮ አይዝም። ስፋቱ ካለበት ቦታ ነው የሚታወቀው። ይህን ንድፍ አልወደውም። ቁጥሩን ከቦታው ነጥሎ ያነሳ ሰው ስፋቱን ከሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

ፖዘቲቭና ኔጋቲቭስ? ኤልኤልቪኤም ይህን ከኮንስታንቱ ላይ አንስቶ ለትዕዛዙ ሰጥቶታል። በ8 ቢት 255 እና -1 ቢቶቻቸው አንድ ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ኮንስታንት ናቸው። ልዩነቱ የሚመጣው ሲካፈሉ ወይም ሲወዳደሩ ነው። ማካፈል ኔጋቲቭ ላለውና ለሌለው አቆጣጠር የየራሱ ትዕዛዝ አለው፤ ማወዳደር ደግሞ በአንድ ትዕዛዝ ውስጥ የየራሱ ምልክት አለው።

ቀጥሎ ያለው ጥያቄ ኮንስታንቱ የት ይቀመጣል የሚለው ነው። ሁለት መንገድ አለ፤ ሁለቱም ደጋፊ አላቸው።

በ2000 እ.ኤ.አ. በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ በጥናት ፕሮጀክትነት የተጀመረው ኤልኤልቪኤም ኮንስታንትን ትዕዛዝ አላደረገውም። ከትዕዛዞቹ ዝርዝር ውጭ ያለ እሴት ነው። በዚያ ላይ አንድ ቅጂ ብቻ ነው ያለው። ባለ 32 ቢት 7 ሺህ ቦታ ላይ ቢጠራ ሁሉም የሚጠቁሙት ወደ አንዱ 7 ነው። ሁለት ኮንስታንቶች አንድ መሆናቸውን ለማወቅ ፖይንተራቸውን (የሜሞሪ አድራሻቸውን) ማወዳደር ይበቃል። ሜሞሪም ይቆጥባል። ግን ዋጋ አለው። ይህ 7 የሁሉም ስለሆነ የራሱ የመስመር ቁጥር የለውም። ከየትኛው የኮዱ ክፍል እንደመጣ እሱን ጠይቆ ማወቅ አይቻልም።

በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ሌላ የኮምፓይለር መሥሪያ፣ ኤምኤልአይአር፣ ሌላውን መንገድ መረጠ። እዚያ ኮንስታንት እንደማንኛውም ትዕዛዝ በኮዱ መሃል ይቆማል፤ ቁጥሩን እንደ መለያ ተሸክሞ ውጤት ያወጣል። የመስመር ቁጥሩን ይይዛል። ሁሉም እሴት ከአንድ ትዕዛዝ ወይም ከብሎክ (ከተከታታይ ትዕዛዞች ስብስብ) መግቢያ የመጣ ስለሚሆን ደንቡ ወጥ ነው። በምላሹ «ይህ እሴት ኮንስታንት ነው ወይ?» ለማለት ወዳወጣው ትዕዛዝ መመለስ ያስፈልጋል። ተመሳሳይ ኮንስታንቶችም ይበዛሉ፤ ስለዚህ በየጊዜው እየለቀሙ አንድ ማድረግ፣ ወደ ፈንክሽኑ መጀመሪያም ማውጣት አለ።

ጉድ የሚፈላው ግን አስርዮሽ ቁጥር ሲመጣ ነው። 15 ከመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚያሰላ ሰው 0.15 ብሎ ይጽፋል። 0.15 ግን በሁለትዮሽ በትክክል አይጻፍም። በተለመደው 64 ቢት የሚቀመጠው ከ0.15 በጥቂቱ ያነሰ ቁጥር ነው። የኤልኤልቪኤም መካከለኛ ኮድ የጽሑፍ መልክ በዚህ ጥብቅ ሆኖ ቆይቷል፦ 0.25 በአስርዮሽ ቢጻፍለት ይቀበላል፤ ባለ 32 ቢት 0.15ን ግን በ16 መሠረት እንዲጻፍለት ይጠይቃል። ጥብቅነቱን እደግፋለሁ። መካከለኛ ኮድ ተጽፎ እንደገና ሲነበብ አንዲት ቢት እንኳ መለወጥ የለባትም።

ከዚህም የረቀቀ አለ። 0.0 እና -0.0 ሲወዳደሩ እኩል ናቸው፤ ቢቶቻቸው ግን ይለያያሉ። አንድ ቅጂ ብቻ አስቀምጣለሁ የሚል ኮምፓይለር በእኩልነት ካመሳሰላቸው ሁለቱን ያምታታል። 1 ሲካፈል ለአንዱ ፖዘቲቭ፣ ለሌላው ኔጋቲቭ ኢንፊኒቲ ይሰጣልና የፕሮግራሙ መልስ ይለወጣል። ስለዚህ መመሳሰል ያለባቸው በቢት ነው። ኮምፓይለሩ ማንኛውንም ቁጥር ከ0.0 ጋር ደምሮ «ያው ራሱ ነው» ማለትም አይችልም። -0.0 ሲደመር 0.0 በተለመደው አጠጋጋ 0.0 ነው።

የማይታወቅ ኮንስታንትም አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? የግሎባል ቫሪያብል አድራሻ ፕሮግራሙ ሲሠራ አይለወጥም። ኤልኤልቪኤም ኮንስታንት ይለዋል። ቁጥሩን ግን ኮምፓይለሩ አያውቀውም፤ የሚወስኑት በኋላ የኮዱን ክፍሎች የሚያገናኘው ሊንከር ወይም ፕሮግራሙን ሜሞሪ ላይ የሚጭነው ሎደር ናቸው። ኮምፓይለሩ ስሙን ይዞ ይጠብቃል።

መጨረሻ ላይ ማሽኑ የራሱን ልክ ያመጣል። ሪስክ-ፋይቭ በሚባለው የፕሮሰሰር ዓይነት የመደመር ትዕዛዝ ውስጥ ለኮንስታንት ያለው ቦታ 12 ቢት ነው። 2,047 ይገባል፤ 2,048 አይገባም፣ ተጨማሪ ትዕዛዝ ይፈልጋል። የጃቫ ባይትኮድም ቁጥሩ ባደገ መጠን ቦታ ይጨምራል። ከ-1 እስከ 5 ላሉት አንድ ባይት፣ እስከ 127 ሁለት፣ እስከ 32,767 ሦስት። ከዚያ የሚበልጠው የኮንስታንቶች ሰንጠረዥ ውስጥ ይገባል።

ትንሽ ኮምፓይለር ራሳችሁ ልትጽፉ ከተነሳችሁ፣ እኔ የምመርጠው አንድ ሰንጠረዥ ነው፤ ቁልፉ ዓይነቱና ቢቶቹ አንድ ላይ። አዲስ ኮንስታንት ሲመጣ መጀመሪያ እዚያ ፈልጉት፤ ከሌለ ጨምሩት። ማጠፍ (የኮንስታንቶችን ስሌት አስቀድሞ መሥራት) ስትጀምሩ ደግሞ በዜሮ ማካፈልን አትንኩት። 10 ሲካፈል ለ0 የሚል መስመር ጨርሶ በማይገባበት የኮድ ቅርንጫፍ ውስጥ ሊሆን ይችላል፤ ኮምፓይለሩ እሱን አሰላለሁ ብሎ ራሱ መውደቅ የለበትም።