የሌዘር ልባስ፦ በሴራሚክ ቅንጣት የጠነከረ የብረት ገጽ

ድንጋይ የሚቦረቡር፣ አፈር የሚገለብጥ ወይም ከሌላ ብረት ጋር ሲፋተግ የሚውል የማሽን ዕቃ የሚጣለው ብዙ ጊዜ ላዩ ጥቂት ሚሊሜትር ስለተበላ ብቻ ነው። የሌዘር ልባስ ይህን የላይኛውን ገጽ ብቻ በተሻለ ብረት የማልበስ ዘዴ ነው። የሌዘር ጨረር በዕቃው ገጽ ላይ ትንሽ የቀለጠ ኩሬ ይፈጥራል፤ በአርገን ጋዝ የሚገፋ የብረት ዱቄት ወደ ኩሬው ይረጫል፤ ጨረሩ ሲያልፍ ኩሬው ወዲያው ይረጋል። ልባሱ ከሥሩ ካለው ብረት ጋር አብሮ ቀልጦ ስለሚያያዝ እንደ ቅብ አይላላጥም። ሙቀቱም ከተለመደው ብየዳ ያነሰ በመሆኑ ዕቃው ብዙም አይጣመምም። ሮልስ ሮይስ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የአርቢ211 አውሮፕላን ሞተር ተርባይን ምላጮችን በዚህ መንገድ ማልበሱ ከቀደምት የኢንዱስትሪ አጠቃቀሞች አንዱ ነው።

ብረት ብቻውን አሸዋን አይችልም። ስለዚህ ከዱቄቱ ጋር ጠንካራ የሴራሚክ ቅንጣቶች ይቀላቀላሉ፤ ጠጠር በኮንክሪት ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ይሠራሉ። በጣም የተለመደው ጥምረት ተንግስተን ካርባይድ (የተንግስተንና የካርቦን ውህድ የሆነ ሴራሚክ) በኒኬል ቅይጥ ውስጥ ነው። የካርባይዱ ጥንካሬ በቪከርስ መለኪያ ከ2000 በላይ ሲሆን፣ የሚያቅፈው ቅይጥ ከ400 እስከ 600 አካባቢ ነው። ካርባይዱ ከድብልቁ ክብደት 60 በመቶ ይሆናል ሲባል ብዙ ይመስላል፤ ነገር ግን እጅግ ከባድ በመሆኑ ከልባሱ ይዘት የሚይዘው ቦታ ከግማሽ በታች ነው።

አስቸጋሪው ነገር ጠንካራ ቅንጣት ማግኘት አይደለም፤ ቅንጣቱን በቀለጠው ኩሬ ውስጥ ሳይሟሟ ማቆየት ነው። የሌዘሩ ኃይል ከበዛ የካርባይዱ ጠርዝ ይሟሟል፤ ተንግስተኑና ካርቦኑ ወደ ቅይጡ ይገባሉ፤ ሲቀዘቅዝም በቅንጣቱ ዙሪያ ተሰባሪ ደቃቅ ካርባይዶች ይፈጠራሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክብ የነበረው ቅንጣት ዳርቻው ተሸራርፎ፣ በመርፌ መሳይ ነገሮች ተከብቦ ይገኛል። ይህ ጥንካሬ የሚለካውን ሰው ያታልላል፦ ቅይጡ ጠንክሮ ይገኛል፣ አሸዋ ሲያገኘው ግን እየተሰባበረ ይበላል። ሲሊኮን ካርባይድ ደግሞ ከቀለጠ ብረትና ኒኬል ጋር ክፉኛ ስለሚዋሃድ በዚህ ሥራ ብዙም አይመችም።

ክብደትም የራሱ ጣጣ አለው። ተንግስተን ካርባይድ በኩሬው ውስጥ ወደ ታች ይሰምጣል፤ ቀላሉ ታይታኒየም ካርባይድ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። በዚህ ምክንያት አንዳንዶች ቅንጣቱን ከውጭ ከመጨመር ይልቅ እዚያው ኩሬው ውስጥ እንዲወለድ ያደርጋሉ። ታይታኒየምና ቦሮን ካርባይድ ሲገናኙ ታይታኒየም ዳይቦራይድና ታይታኒየም ካርባይድ ይሰጣሉ፤ የተገኘው ቅንጣት ደቃቅ ሲሆን ከቅይጡ ጋር ያለው መያያዝም የጠበቀ ነው።

ስንጥቅ ግን ሁሉንም ያሳስባል። ኒኬል ሲቀዘቅዝ ከተንግስተን ካርባይድ በእጥፍ የሚበልጥ ይኮማተራል፤ በመካከላቸው የሚፈጠረው ውጥረት ልባሱን ይሰነጥቃል። ዕቃውን አስቀድሞ በጥቂት መቶ ዲግሪ ማሞቅ የተለመደ መከላከያ ነው።

በጀርመን አኸን ከተማ የሚገኘው የፍራውንሆፈር የሌዘር ቴክኖሎጂ ተቋም የሠራው እጅግ ፈጣን የሌዘር ልባስ እ.ኤ.አ. በ2017 የዮሴፍ ፎን ፍራውንሆፈር ሽልማት አግኝቷል። በዚህ ዘዴ የብረት ዱቄቱ ኩሬው ዘንድ ሳይደርስ በጨረሩ ውስጥ እያለ ይቀልጣል፤ በተለመደው ዘዴ በደቂቃ ከአንድ ሁለት ሜትር የማያልፈው ፍጥነት በደቂቃ መቶዎች ሜትር ይደርሳል። ሴራሚኩ በኩሬው የሚቆይበት ጊዜ ስላጠረ የመሟሟት ዕድሉም ያንሳል።

ዘዴው አሁን ሰፊ ገበያ ያገኘው በመኪና ፍሬን ላይ ነው። ዩሮ 7 የተባለው የአውሮፓ ሕግ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 29 ቀን 2026 ጀምሮ አዲስ የመኪና ሞዴሎች ከፍሬን የሚያወጡትን ብናኝ ይገድባል፤ ለአብዛኞቹ በኪሎ ሜትር 7 ሚሊግራም፣ ሙሉ በሙሉ ኤሌክትሪክ ለሆኑት 3 ሚሊግራም። የፍሬን ዲስክ የሚሠራበት ጊዛ (ቀልጦ በቅርጽ ውስጥ የሚፈስ ብረት) ካርቦን የበዛበት ስለሆነ በቀጥታ ሲለብስ ቀዳዳና ስንጥቅ ያወጣል። ስለዚህ በመጀመሪያ የማይዝግ ብረት ንብርብር ይነጠፋል፤ ካርባይድ ያለበት ንብርብር ከዚያ በላይ ይመጣል። እንዲህ የለበሰ ዲስክ በተራ የቶርኖ ቢላ አይነካም፤ የሚስተካከለው በአልማዝ ሞረድ ነው፣ የፍሬን ሸራውም ለእሱ ተስማሚ ሆኖ መሠራት አለበት።