ጠፈርተኞችን ስለሚያመላልሱ የግል መንኮራኩሮች፦ ቡና ላይ የምሰማቸው ስህተቶች እና እውነታው

ደሴ ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ስለ ጠፈር በብዛት የምጠየቀው ግን ክፍል ውስጥ ሳይሆን ቡና ላይ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሰኞ ገበያ አካባቢ፣ አክስቴ ቤት ጎረቤት ይሰበሰባል። አቦሉ በገበያ ወሬ ያልቃል። ቶናው ላይ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሮኬት ሲተኮስ ወይም ካፕሱል፣ ማለትም ሰው የሚሳፈርባት ትንሽ መንኮራኩር፣ ባሕር ላይ ስታርፍ ያሳየናል። በረካው እስኪቀዳ ክርክሩ ይጦፋል። እኔ ይሄን ክርክር እወደዋለሁ። ደጋግመው የሚነሱት ስህተቶች ግን ያሳስቡኛልና አንድ በአንድ ልመልሳቸው። ዘመኑን የምጽፈው በፈረንጆቹ ነው፤ በእኛ ሲሆን እናገራለሁ።

«መንግሥት እጁን አውጥቷል፤ ሀብታሞች በራሳቸው ገንዘብ ነው የሚልኩት»

በጣም የተለመደው ይሄ ነው። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ኩባንያ መንኮራኩር መሥራት የጀመረው ዛሬ አይደለም። በ1961 የመጀመሪያውን አሜሪካዊ ወደ ጠፈር ያወጣችውን የሜርኩሪ ካፕሱል የሠራው ማክዶኔል የሚባል ኩባንያ ነው። የአፖሎ ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ያረፉባትን መንኮራኩር ደግሞ ግሩማን ሠራት። ያኔ ግን ተሠርቶ ያለቀው ዕቃ የናሳ፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የጠፈር ድርጅት፣ ንብረት ይሆናል። የሚያዘውም የሚያበረውም ናሳ ነበር።

አከፋፈሉም ሌላ ነበር። ቤት ያሠራ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ግንበኛ በቀን ሂሳብ ከያዝክ፣ ሥራው በተጓተተ ቁጥር ኪስህ ይራቆታል። በቁርጥ ከተዋዋልክ ግን የተጓተተው ቀን የእሱ ዕዳ ነው። ናሳ ለብዙ ዘመን ትልልቅ መንኮራኩሮችን ያሠራው በቀን ሂሳብ ዓይነት ነበር፤ ወጪውን ሁሉ ይሸፍናል፣ ከላይ ትርፍ ይጨምራል። በመስከረም 2014 ግን ከሁለት ኩባንያዎች ጋር በቁርጥ ተዋዋለ። ለቦይንግ እስከ 4.2 ቢሊዮን ዶላር፣ ለስፔስኤክስ እስከ 2.6 ቢሊዮን ዶላር። ሥራው ሰው ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ አድርሶ በሰላም የሚመልስ መንኮራኩር ሠርቶ፣ አስፈትሾ፣ ጉዞ መጀመር ነው። መንኮራኩሩ የኩባንያው ሆኖ ይቀራል። ናሳ ጉዞውን ይገዛል። ኩባንያው ሌላ ደንበኛ ካገኘ ለሌላም ይሸጣል።

ስለዚህ ገንዘቡ በብዛት የወጣው ከአሜሪካ መንግሥት ካዝና ነው። ፈተሻውም ጥብቅ ነበር፤ ናሳ ካልፈረመ ማንም የናሳ ጠፈርተኛ አይሳፈርም። ኩባንያዎቹም ከኪሳቸው አውጥተዋል። ቦይንግ ሥራው ስለተጓተተበት ከ1.5 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል፤ ቁርጥ ማለት ይሄው ነው።

ናሳን ምን አስቸኮለው? የራሱ አመላላሽ መንኮራኩሮች፣ እነ አትላንቲስ፣ በሐምሌ 2011 ሥራ አቁመዋል። ከዚያ በኋላ ለዘጠኝ ዓመት ገደማ አሜሪካውያን ወደ ጣቢያው የሚሄዱት በሩሲያው ሶዩዝ ብቻ ነበር። መጨረሻ ላይ የአንድ ወንበር ዋጋ 90 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ደርሶ ነበር።

«ከፍ ካለ ደረሰ ማለት ነው»

ከደሴ አዲስ አበባ በመኪና 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጠፈር ጣቢያው ከመሬት ያለው ከፍታም ያንኑ ያህል ነው። ማለዳ ተነስቶ ደብረ ሲና ምሳውን የበላ ሰው ርቀቱን በእግሩ ድካም ያውቀዋል። ከፍታው ያን ያህል አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ፍጥነቱ ነው።

ጦሳ ተራራ ላይ ቆመህ በወንጭፍ ድንጋይ ብትወረውር፣ ድንጋዩ ጎብጦ ደሴ ላይ ይወድቃል። ጠንክረህ ብትወረውር ሐይቅ ከተማ ድረስ ይሄዳል እንበል። ፍጥነቱን በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር ብታደርሰውና አየሩ ባያግደው፣ ድንጋዩ ሲወድቅ መሬትም ከሥሩ እየጎበጠች ትሸሸዋለች። እየወደቀ ይዞራል እንጂ አያርፍም። ምሕዋር ማለት ይሄ ነው። በዚያ ፍጥነት ከደሴ አዲስ አበባ አንድ ደቂቃ አይሞላም።

ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉትም ለዚሁ ነው። «እዚያ ስበት የለም» ይባላል፤ ስህተት ነው። በዚያ ከፍታ የመሬት ስበት እዚህ ካለው 90 በመቶ ገደማ ነው። ሰዎቹ ከነመንኮራኩራቸው አብረው እየወደቁ ስለሆነ ነው ወለሉ የማይጫናቸው። በሐምሌ 2021 የአማዞን መሥራች ጄፍ ቤዞስ ያደረገው ጉዞ ከዚህ ይለያል። 100 ኪሎ ሜትርን አልፎ በቀጥታ ወረደ፣ 10 ደቂቃ ያህል ብቻ ፈጀ። ምሕዋር አልገባም።

«ከባዱ መውጣቱ ነው፤ መውረዱ ምን አለው?»

ይህንን የሚለኝን ሰው ሐረጎን አስታውሰዋለሁ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ጭነት ይዞ የሚወርድ ሾፌር ጨዋታ ያቆማል። ማርሹን ይቀንሳል፣ ፍሬኑን ይቆጥባል። ታች ሲደርስ ጎማው አካባቢ የተቃጠለ ነገር ይሸታል። ያ ሽታ ፍጥነት ወደ ሙቀት ሲለወጥ ነው። መኪናው ዳገቱን ሲወጣ የከፈለውን፣ ሲወርድ በሙቀት መልክ መጣል አለበት።

ድራጎን የምትባለው የስፔስኤክስ ካፕሱልም ያንን 28,000 ኪሎ ሜትር የሆነ ቦታ መጣል አለባት። ፍሬን የላትም። ፍሬኗ አየሩ ነው። ከፊቷ ያለውን አየር በድንገት ትጨምቀዋለች፣ የተጨመቀ አየር ደግሞ ይግላል። የብስክሌት ጎማ በእጅ የነፋ ልጅ የፓምፑን ጫፍ ነክቶ ያውቀዋል። የካፕሱሏ ውጭ 1,900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይደርሳል። ከሥሯ ያለው የሙቀት ጋሻ ቀስ በቀስ እየከሰለ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። ለጥቂት ደቂቃዎች ሬዲዮም አይሠራም፤ የጋለው አየር ይጋርደዋል። ያቺን ዝምታ በቀጥታ ስርጭት ስከታተል ትንፋሼን እይዛለሁ።

ከዚያ ፓራሹት ነው። 5,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ማለትም ከራስ ዳሸን ጫፍ አንድ ሺህ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፣ ሁለት ትንንሽ ፓራሹቶች ይከፈታሉ። 1,800 ሜትር ገደማ ላይ አራቱ ትልልቆቹ ይዘረጋሉ። ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ ያላት ከፍታ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ካፕሱሏ ውሃውን ስትነካ ፍጥነቷ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ሐረጎ ላይ ባጃጅ ከዚያ ይፈጥናል።

«ካፕሱሉ ፈንድቶ ነበር፤ ስለዚህ አይታመንም»

መፈንዳቱ እውነት ነው። ድራጎን በመጋቢት 2019 ያለ ሰው ጣቢያው ደርሳ ተመልሳ ነበር። ያችው ካፕሱል በሚያዝያ መሬት ላይ የማምለጫ ሞተሮቿ ሲፈተሹ ፈነዳች። ሰው አልተጎዳም። ምክንያቱ ተጣርቶ ተገኘ። ፈሳሽ ኬሚካል በቫልቭ አልፎ ወደማይገባበት ቱቦ ሾልኮ ነበር፤ ግፊቱ ሲለቀቅ ከታይታኒየም ቫልቭ ጋር በኃይል ተጋጨ። ቫልቮቹን አውጥተው አንዴ ብቻ በሚቀደድ ማሸጊያ ተኩት። በጥር 2020 ደግሞ ሮኬቱ እየበረረ ሳለ ሆን ብለው ሞተሩን አጥፍተው ካፕሱሏ ማምለጥ መቻሏን አዩ። አመለጠች።

ጠፈርተኞቹ ቦብ ቤንከን እና ደግ ኸርሊ በድራጎን የተሳፈሩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ በእኛ ግንቦት 22 ቀን 2012። እኔ የምፈራው ፈንድቶ ምክንያቱ የታወቀውን ሳይሆን፣ ያልተፈተሸውን ነው።

«ሁለቱን ጠፈርተኞች ጥለዋቸው ቀሩ»

ቡች ዊልሞር እና ሱኒታ ዊሊያምስ ማለታቸው ነው። በሰኔ 2024 ስታርላይነር በምትባለው የቦይንግ መንኮራኩር ወጡ። የታሰበው ስምንት ቀን ያህል ነበር። መንገድ ላይ ሂሊየም ጋዝ ይፈስ ነበር፣ አንዳንድ ትንንሽ ሞተሮችም እምቢ አሉ። ናሳ ሰው አሳፍሮ ከመመለስ ባዶዋን እንድትመጣ ወሰነ። በመስከረም በሰላም አረፈች። በዚያው ወር መጨረሻ ሌላ ድራጎን ሁለት ወንበር ባዶ አድርጋ ጣቢያው ደረሰች፤ ወንበሮቹ የእነሱ ነበሩ። እስኪመለሱ እንደማንኛውም የጣቢያው ባልደረባ ሠሩ፤ በመጋቢት 2025 ከ286 ቀን በኋላ ተመለሱ። ቤተሰብ ናፍቋቸው እንደነበር ጥርጥር የለኝም። ግን የተረሱ ሰዎች አልነበሩም። ውሳኔው ለእኔ ትክክል ነበር። ሁለት ኩባንያ መቅጠሩ የጠቀመውም ለዚህ ቀን ነው።

«ብር ያለው ሁሉ ተሳፍሮ ይሄዳል»

በመስከረም 2021 አራት የናሳ ሠራተኛ ያልሆኑ ሰዎች በድራጎን ሦስት ቀን መሬትን ዞረዋል። ብር ከፋይ ነበራቸው። ግን ለወራት ሠልጥነዋል።

«ይሄ ከእኛ ሰማይ ጋር ምን አገናኘው?»

ሰኔ 14 ቀን 2012 በእኛ፣ ላሊበላ ላይ ጨረቃ ፀሐይን ጋርዳ የእሳት ቀለበት አሳየችን። ያን ዕለት ቤንከን እና ኸርሊ ጣቢያው ከደረሱ ሦስት ሳምንታቸው ነበር። ጣቢያው በ90 ደቂቃ ገደማ አንዴ መሬትን ይዞራል፤ ከምድር ወገብ እስከ 51.6 ዲግሪ ሰሜንና ደቡብ ስለሚደርስ በወሎ ላይም ያልፋል።

አንድ ምሽት አክስቴን ግቢ ይዣት ወጣሁ። ፀሐይ ከገባች ቆይታለች። ከደቡብ ምዕራብ አንድ ደማቅ ነጥብ ብቅ አለ። አይርገበገብም፣ ድምፅ የለውም። እየተንሸራተተ ወደ አናታችን መጣ።

«ከነነፍሳቸው እዚያ ውስጥ አሉ?» አለችኝ።

«አሉ።»

ነጥቡ ወደ ምሥራቅ እንደሄደ በድንገት ደበዘዘና ጠፋ። አክስቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«አብሽሪ» አልኳት። «የመሬት ጥላ ውስጥ ገብቶ ነው።»

ጨለማውን ትንሽ አየችው። «አላህ በሰላም ያውርዳቸው» አለች።