የድሮ አውሮፕላን ትርኢት፦ ሰማይ ላይ አሥር ደቂቃ፣ ሜዳ ላይ ሙሉ ቀን

የድሮ አውሮፕላን ትርኢት ማለት ዕድሜያቸው የገፋ አውሮፕላኖች በሕዝብ ፊት ሞተር አስነሥተው የሚበሩበት ቀን ነው። ሙዚየም አይደለም። ሙዚየም ውስጥ አውሮፕላኑ ዝም ብሎ ይቆማል። እዚህ ያጓራል፣ ይጨሳል፣ ዘይት ያንጠባጥባል። አንዳንዴም «ዛሬስ አልነሣም» ብሎ ባለቤቱን ያሳፍራል። «ድሮ» የሚለው ቃል ቁርጥ ያለ ልክ የለውም። አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ የእንጨትና የሸራ አውሮፕላኖች አንሥቶ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ ያሉትን ይይዛል። እ.ኤ.አ. የ1950ዎቹን ጄቶች የሚጨምር አዘጋጅም አለ።

ይህን የምጽፈው ደብረ ብርሃን ሆኜ ነው። እዚህ የበረራ ትርኢት የሚታየው በስልክ ነው፤ ቡና እየተጠጣ። ሰዉ ግን ለአውሮፕላን ባዕድ አይደለም። ቆላ ወርደው ሸዋ ሮቢት አካባቢ ገበሬ ቢጠይቁ፣ ግሪሳ ወፍና የበረሃ አንበጣ ሲመጣ ዝቅ ብሎ ስለሚበረው የርጭት አውሮፕላን ያወጋዎታል። የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት ለብዙ ዓመታት ካበረራቸው መካከል ቢቨር የሚባለው አለ። ይህ ዓይነት አውሮፕላን መጀመሪያ የበረረው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ውጭ አገር ሰዎች ትኬት ቆርጠው የሚያዩት ማለት ነው። ገበሬው የሚያየው ግን ማሽላው እንዲተርፍለት ነው።

ሌላው ትዝታ መራራ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን አውሮፕላን ማለት ቦምብና መርዝ ነበር። መንዝ ውስጥ ዘረት ላይ፣ በ1931 ዓ.ም.፣ የጣሊያን ጦር ዋሻ ውስጥ በተጠለሉ አርበኞችና ቤተሰቦቻቸው ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ተጠቅሟል። ተጉለት ያደጉት አያቴ ከስንትና ስንት ዓመት በኋላም የመንገደኛ አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብለው አያዩም ነበር። ይህን ያነሣሁት ያለ ነገር አይደለም። በብዙ የጦር አውሮፕላኖች ትርኢት ላይ መሬት ላይ እሳትና ጭስ እያፈነዱ የቦምብ ድብደባ ያስመስላሉ። ብዙ ሰው ይወደዋል። እኔ አልወደውም።

የአገራችን አቪዬሽን ራሱ ከአንድ ትርኢት ጋር የተያያዘ ነው። ራስ ተፈሪ በ1915 ዓ.ም. ኤደን ላይ የእንግሊዝ አየር ኃይል ያዘጋጀውን የበረራ ትርኢት ተመለከቱ። በዚያው ራሳቸውም ተሳፍረው በረሩ። ከሰባት ዓመት ገደማ በኋላ፣ ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም.፣ ፖቴ 25 የተባለው የፈረንሳይ ሥሪት ባለ ድርብ ክንፍ አውሮፕላን አዲስ አበባ ገባ። ስሙም «ንስረ ተፈሪ» ተባለ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ «ፀሐይ» የተባለችውን አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ሠራ። ጣሊያኖች ወሰዷት። ሮም አጠገብ ባለው የአየር ኃይላቸው ሙዚየም ለዘመናት ቆይታ ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች። ፀሐይ አሁን አትበርም። ሆኖም የድሮ አውሮፕላን ምን ያህል ሰው ስሜት ውስጥ እንደሚገባ ያየነው ያኔ ነው።

ወደ ዓለሙ ስንሄድ፣ የመጀመሪያው ትልቅ ዓለም አቀፍ የበረራ ትርኢት የተካሄደው እ.ኤ.አ. ነሐሴ 1909 ፈረንሳይ ውስጥ፣ ሬምስ ከተማ አጠገብ ነው። በሳምንቱ ውስጥ ወደ ግማሽ ሚሊዮን ሰው እንደመጣ ይነገራል። የመጀመሪያው ቀን ዝናብ ሜዳውን አጨቀየው። አዘጋጆቹ ግን አንድ ጥሩ ነገር አስበው ነበር። «ዛሬ በረራ አለ» ወይም «የለም» የሚለውን ባንዲራ እየሰቀሉ ለሕዝቡ ያስታውቁ ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ዛሬ ስመ ጥር ከሆኑት አንዱ እንግሊዝ ውስጥ ኦልድ ዋርደን በሚባል ትንሽ የሣር ሜዳ ላይ የሚገኘው የሸትልዎርዝ ስብስብ ነው። ሪቻርድ ሸትልዎርዝ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። እዚያ ያለው እ.ኤ.አ. የ1909 ብሌሪዮ የተባለ የፈረንሳይ አውሮፕላን አሁንም ይነሣል። ሲነሣ ግን ከሣሩ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ ቀጥ ብሎ ሄዶ ያርፋል። በቃ። አሜሪካ ውስጥ ኦሽኮሽ ከተማ በየዓመቱ በሐምሌ የሚደረገው ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ሳምንት ይቆያል፤ ከ600,000 በላይ ጎብኚና ወደ 10,000 የሚጠጋ አውሮፕላን ይመጣል። ሰዎች በራሳቸው አውሮፕላን መጥተው ክንፉ ሥር ድንኳን ተክለው ያድራሉ። ፈረንሳይ ውስጥ ላ ፌርቴ አሌ ላይ የሚደረገው በጰራቅሊጦስ ሰሞን ነው። ኒውዚላንድ ዋናካ ላይ ያለው ደግሞ በሁለት ዓመት አንዴ ለፋሲካ ይውላል። የእነሱ ፋሲካ ከእኛ ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም እንጂ፣ በዓልን ከአውሮፕላን ጋር ማዋሉ ደስ ይላል። ከአፍሪካ ደቡብ አፍሪካ ፕሪቶሪያ አጠገብ ስዋርትኮፕ የሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም የራሱ ትርኢት አለው። የእኛ አየር ኃይልም ቢሾፍቱ ላይ በምሥረታ በዓሉ በረራ ያሳያል፤ እሱ ግን የሚያተኩረው የጦር ጄትና ሄሊኮፕተር ላይ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ሰው ቀኑን ሙሉ በረራ የሚያይ ይመስለዋል። አንድ የድሮ አውሮፕላን ሰማይ ላይ የሚቆየው ግን አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። አንዳንዱ አምስት። ነፋስ ከበረታ ጭራሽ ከሃንጋሩ አይወጣም። ስለዚህ ትርኢት ማለት በአመዛኙ መጠበቅ ነው። ጥሩና መጥፎ ትርኢት የሚለየውም ሰማይ ላይ አይደለም። ሰው በሚጠብቅበት ሜዳ ላይ ነው።

መጠበቅን ደግሞ የሰሜን ሸዋ ሰው ያውቅበታል። ምንጃር ሸንኮራ ውስጥ ኢራንቡቲ ለጥምቀት 44 ታቦታት በአንድ ቦታ ያድራሉ። ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያስተናግዱት በአብዛኛው የሰፈር ወጣቶች ናቸው። መንገድ ይከፍታሉ፣ ምንጣፍ ያነጥፋሉ፣ ለአዛውንት ቦታ ያስለቅቃሉ፣ የጠፋ ሕፃን በድምፅ ማጉያ ያስፈልጋሉ። ኦሽኮሽም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሥራው የሚሠራው ከ5,000 በላይ በሆኑ በጎ ፈቃደኞች ነው። ደሞዝተኛ ብቻውን እንዲህ ያለ ሕዝብ አይችልም።

ጎብኚን ከሚያማርሩ ነገሮች አንደኛው አለማወቅ ነው። አንድ ጊዜ አንድ ከተማ ውስጥ የአደባባይ ትርኢት ላይ ቆሜ ነበር። ሦስት ሰዓት ይጀመራል ተባለ። ስድስት ሰዓት ሆነ፤ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ድምፅ ማጉያው ይንቋቋል፣ የሚናገረው ሰው ምን እንደሚል የሚሰማ የለም። የጎዳን መዘግየቱ አልነበረም። «ለአንድ ሰዓት አረፍ በሉ» የሚል ቢኖር ሻይ ጠጥተን እንመለስ ነበር። የሬምሱን ባንዲራ ልብ በሉ ያልኩት ለዚህ ነው። አውሮፕላን ዘገየ፣ ነፋስ በረታ፣ ምንም አይደለም። ብቻ ንገሩን።

ሁለተኛው የሚያማርር ጉዳይ ሽንት ቤት ነው። በደንብ የታቀደ ትርኢት ላይ እንኳ ወረፋው የሚረዝመው በሴቶቹ በኩል ነው፤ እኩል ቁጥር መትከል እኩል ማገልገል አይደለም። ውኃ፣ ጥላና መቀመጫም እንደዚሁ። ዊልቼር ያለው ሰው ከአጥሩ ጀርባ ሆኖ የሰው ጀርባ ብቻ እንዳያይ፣ ከፊት ከፍ ያለ ቦታ ይዘጋጅለታል። የሜዳው አቀማመጥም ራሱ ነገር አለው። ፀሐይ ከተመልካቹ ጀርባ መሆን አለባት። ካልሆነ ቀኑን ሙሉ ጥቁር ጥላ ነው የምናየው። አካሄዱ የገባው አዘጋጅ ሜዳውን የሚመርጠው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ወደ አውሮፕላኑ መቅረብ ነው። ጥሩ ትርኢቶች በረራ ከመጀመሩ በፊት ሰዉን አውሮፕላኖቹ ወደቆሙበት መስመር ያስገባሉ። እዚያ ነው ጨርቁን፣ ስፌቱን፣ ሽቦውን የሚያዩት። መካኒኩን ማናገር ይቻላል፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ጠያቂ ካገኙ ወሬ አያልቅባቸውም። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ሞተሮች አንዱ ዓይነት ሮታሪ ይባላል። ሲሊንደሮቹ ከነፕሮፔለሩ አብረው ይሽከረከራሉ። እንደ መኪና ነዳጅ ረገጥ ለቀቅ የሚባል ነገር የለውም። አብራሪው ለማረፍ ሲመጣ የሞተሩን የእሳት ብልጭታ እየቆረጠ መልሶ ይቀጥላል፤ ከመሬት ሲሰማ ብርርር፣ ዝም፣ ብርርር፣ ዝም ይላል። የሚቀባውም በጉሎ ዘይት ነው፤ ምክንያቱም የጉሎ ዘይት ከቤንዚን ጋር በቀላሉ አይዋሐድም። አዎ፣ እናቶቻችን ምጣድ የሚያሰሱበት ጉሎ። ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩ አብራሪዎች ፊታቸው በዚህ ዘይት ተለቅልቆ ነበር የሚወርዱት። አሁንም እንዲህ ያለ ሞተር ሲነሣ ሜዳው ያንን ይሸታል። ይህን ስልክ አያሳይም።

ፎቶ ለሚያነሡ አንድ ነገር ብቻ። የካሜራውን ፍጥነት በጣም አትጨምሩ። በሰከንድ አንድ ሺኛ ካነሣችሁ ፕሮፔለሩ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ አውሮፕላኑ በክር የተንጠለጠለ መጫወቻ ይመስላል። በአንድ መቶ ሃያ አምስተኛ አካባቢ ከሆነ ግን ሽክርክሪቱ ይታያል። እጅ ቢንቀጠቀጥም ይሞከር።

ስለ አደጋ ሳይነገር አይታለፍም። እ.ኤ.አ. በ1952 እንግሊዝ ፋርንቦሮ ላይ አንድ ጄት ሰማይ ላይ ተበትኖ 29 ተመልካቾች ሞቱ። እ.ኤ.አ. በ1988 ጀርመን ራምሽታይን ላይ 70 ሰው አለቀ። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች ሕጉ ጠብቋል። አውሮፕላን ወደ ሕዝብ አቅጣጫ አይበርም፤ ርቀቱ ተለክቶ ይሰመራል። አሜሪካ ውስጥ እንደ አውሮፕላኑ ፍጥነት 500፣ 1,000 ወይም 1,500 ጫማ ነው። ቢሆንም እ.ኤ.አ. በ2015 እንግሊዝ ሾርሃም ላይ አንድ የድሮ ጄት ወድቆ 11 ሰዎች ሲሞቱ፣ ሁሉም የነበሩት ከትርኢቱ ግቢ ውጭ መንገድ ላይ ነው። ይህ እኛን በተለይ ሊያሳስበን ይገባል። እዚህ ቢደረግ ግማሹ ሰው ኮረብታ ላይና አስፋልት ዳር ቆሞ እንደሚያይ ማንም ያውቃል። ለእሱም መታሰብ አለበት።

ይቻላል ወይ? ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። አየርን አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ የሌለው የድሮ ሞተር ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን እዚህ ይጥላል። ታይገር ሞዝ የሚባለው እ.ኤ.አ. የ1930ዎቹ የእንግሊዝ ማሠልጠኛ አውሮፕላን 130 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ደብረ ብርሃን ላይ መቶ እንኳ አይሞላለትም። ክንፉም በስስ አየር ውስጥ የሚይዘው ያንሰዋል። ስለዚህ መንደርደሪያው መርዘም አለበት፤ ከሰዓት በኋላ የሚነሣውን የአምባውን ነፋስ ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። የምንጃር ሜዳ ዝቅ ያለ ነው፤ ማለዳ ላይ፣ ጥቅምት ወይም ኅዳር፣ ሰማዩ ከጠራ በኋላ ይሻላል። ቢሮክራሲውም ቀላል አይደለም። በኅዳር 2009 ዓ.ም. ከግሪክ ቀርጤስ ተነሥተው ወደ ኬፕታውን የሚበሩ የድሮ አውሮፕላኖች አገራችን ገብተው በፈቃድ ጉዳይ ጋምቤላ ላይ ለሁለት ቀን ያህል ተይዘው ነበር። ሰማዩን ከማቋረጥ ወረቀቱን መጨረስ ይከብዳል።

እስከዚያው ዕድል ያጋጠመውና ውጭ ሄዶ ማየት የሚችል ሰው፣ የኦልድ ዋርደኑን የምሽት ትርኢት እንዳያመልጠው እላለሁ። እዚያ የሚያመሹት ለጌጥ አይደለም። ነፋስ የሚረጋው ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ ነው፤ እነዚያ በጣም አሮጌዎቹ፣ ብሌሪዮውም ጭምር፣ የሚወጡት ያኔ ብቻ ነው። በዚያ ሰዓት ደግሞ ይቀዘቅዛል። ሰዉ ጃኬቱን እያጠበቀ ወደ መኪናው ይሄዳል፤ የመውጫው ወረፋ ሳይረዝም ለመቅደም። መንዝ የተሠራ በርኖስ ትከሻው ላይ የጣለ ሰው ግን የሚያስቸኩለው የለም። ሣሩ ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።