ከኬብል ስትሪት እስከ ባርኪንግ፦ ብሪታኒያ ውስጥ ቀኝ አክራሪዎች ወንበር ሲያገኙ የሚነሳው ሕዝባዊ ተቃውሞ

ቀኝ አክራሪ ፖለቲከኞች በምርጫ ወንበር ሲያገኙ ወይም ሊያገኙ ሲቃረቡ ብሪታኒያ ውስጥ ከታች የሚነሳ የተቃውሞ ልማድ አለ። ዘጠና ዓመት ገደማ ሆኖታል። አንድ ባለቤት የለውም፤ የሠራተኛ ማኅበራት፣ አብያተ ክርስቲያናት፣ መስጊዶች፣ የአይሁድ ማኅበራት፣ ተማሪዎች፣ ከካሪቢያን፣ ከእስያና ከአፍሪካ የሄዱ ነዋሪዎች በየዘመኑ ተሰባስበውበታል። ገሚሱ አደባባይ ወጥቶ መንገድ ይዘጋል፤ ገሚሱ በር እያንኳኳ ጎረቤቱን «ወጥተህ ምረጥ» ይላል። በጋዜጣ የፊት ገጽ የሚወጣው የመጀመሪያው ነው። የምርጫ ቁጥሮቹን ለተመለከተ ሰው ግን የተወሰደውን ወንበር ያስመለሰው ሁለተኛው ነው። እዚህ ያሉት ዓመታት፣ ዓ.ም. ከተባለው በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥቁር ሸሚዞች

ኦስዋልድ ሞዝሊ በ1932 ያቋቋመው የብሪታኒያ ፋሺስቶች ኅብረት ተከታዮች እንደ ጣልያኖቹ ጥቁር ሸሚዝ ይለብሱ ነበር፤ ድርጅቱም ከሙሶሎኒ ገንዘብ ይደርሰው ነበር። ሙሶሎኒ በ1935 ኢትዮጵያን ሲወር ሞዝሊ በጣልያን ላይ ማዕቀብ እንዳይጣል በየከተማው ቀሰቀሰ። ኦክቶበር 4 ቀን 1936 ደግሞ ሰልፈኞቹን አሰልፎ አይሁዳውያን በብዛት በሚኖሩበት የምሥራቅ ለንደን ሠፈር ሊያልፍ ተነሳ። የአካባቢው አይሁዳውያን፣ የአየርላንድ ተወላጅ የወደብ ሠራተኞች፣ ኮሚኒስቶችና ሌሎች ብዙ ሺህ ነዋሪዎች «አያልፉም» ብለው ወጡ። ኬብል ስትሪት በተባለው መንገድ ላይ የቤት ዕቃና ጋሪ ከምረው ዘጉ። ፖሊስ ለሰልፈኞቹ መንገድ ሊያስከፍት ሞክሮ ስላልሆነለት ሞዝሊ ወደ ኋላ እንዲመለስ ታዘዘ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣው ሕግ የፖለቲካ የደንብ ልብስ መልበስን ከለከለ።

ኬብል ስትሪት ላይ ጥቁር ሸሚዞች ከተመለሱ ከአራት ወር ተኩል በኋላ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የጣልያን ጥቁር ሸሚዞች አዲስ አበባ ላይ ምን እንዳደረጉ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ያውቀዋል። ሁለቱን ግንባር አንድ አድርገው ካዩት ሰዎች መካከል ሲልቪያ ፓንክረስት ቀዳሚዋ ናቸው። በምሥራቅ ለንደን ድሆች መካከል ለሴቶች የመምረጥ መብት ሲታገሉ የኖሩት እኚህ ሴት፣ በ1936 ከለንደን ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ከዉድፎርድ ሆነው «ኒው ታይምስ ኤንድ ኢትዮጵያ ኒውስ» የተባለውን ጋዜጣ ጀመሩ። በ1956 ኑሯቸውን አዲስ አበባ አደረጉ፤ በ1960 ሲያርፉም በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ።

ስለ ኬብል ስትሪት ሲወሳ ብዙውን ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ከአምስት ወር በኋላ፣ በማርች 1937 በተደረገው የለንደን አውራጃ ምክር ቤት ምርጫ የሞዝሊ እጩዎች በቤትናል ግሪን ቀጣና 23 በመቶ ድምፅ አገኙ። ወንበር ግን አንድም አላገኙም፤ ሌላው ሰው ወጥቶ ስለመረጠ። መንገድ መዝጋት ሰልፍን ያስቆማል፤ ድምፅ ሰጪውን ግን ከቤቱ አያስቀረውም።

ከጦርነቱ በኋላ ዋናው ቀኝ አክራሪ ኃይል በ1967 የተቋቋመው ናሽናል ፍሮንት ነበር። በ1977 በታላቋ ለንደን ምክር ቤት ምርጫ ወደ 119,000 ድምፅ አገኘ። በዚያው ዓመት ኦገስት ሉዊሻም ላይ ሰልፈኞቹ ከተቃዋሚዎች ጋር ተጋጩ፤ ጸረ ናዚ ሊግ የተባለው ኅብረትም ያኔ ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ አንዱ ፒተር ሄይን ከአፓርታይድ ሸሽቶ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ናቸው። በኤፕሪል 1978 ሊጉ ከ«ሮክ አጌንስት ሬሲዝም» ጋር ሆኖ ከትራፋልጋር አደባባይ እስከ ቪክቶሪያ ፓርክ ብዙ አሥር ሺህ ወጣት ያሰለፈበት የሙዚቃ በዓል፣ ናሽናል ፍሮንትን በወጣቱ ዓይን ክብር አሳጣው። ፓርቲው በ1979 ከ300 በላይ እጩ አቅርቦ በተወዳደረባቸው ቀጣናዎች በአማካይ 1.3 በመቶ ብቻ አገኘ። ምስጋናው ለሰልፈኞቹ ብቻ የሚሰጥ አይደለም፤ ማርጋሬት ታቸር ስለ ስደተኞች ጠንከር ያለ ንግግር አድርገው ከፓርቲው ደጋፊዎች ብዙውን ወደ ራሳቸው ስበዋል።

ሰባት ድምፅ

ሴፕቴምበር 16 ቀን 1993 ቴምዝ ወንዝ በሚጠማዘዝበት፣ አይል ኦፍ ዶግስ በተባለው የምሥራቅ ለንደን ሠፈር በሚልዎል ቀጣና የማሟያ ምርጫ ተደረገ። የብሪቲሽ ናሽናል ፓርቲ፣ በአጭሩ ቢኤንፒ፣ እጩ ዴሪክ ቢከን 1,480 ድምፅ አግኝቶ በ7 ድምፅ ብልጫ አሸነፈ። ፓርቲው በምርጫ ወንበር ሲያገኝ የመጀመሪያው ነበር።

ሠፈሩ የወደብ ሠራተኞች መንደር ነበር። ወደቦቹ በ1980 ተዘግተው በቦታው የካናሪ ዎርፍ የባንክ ሕንጻዎች ሲነሱ ነባሩ ነዋሪ ሥራም ቤትም አላገኘም። የጎደለው ካውንስል ቤት፣ ማለትም የአካባቢው ምክር ቤት በርካሽ የሚያከራየው ቤት፣ ነበር። ቢኤንፒ ቤቱን የወሰደባችሁ ባንግላዴሻዊው ነው እያለ በየበሩ ዞረ። የሚያሳዝነው ይህን ያለው እሱ ብቻ አለመሆኑ ነው፤ አካባቢውን ይመሩ የነበሩት ሊበራል ዴሞክራቶች ቅርንጫፍ ዘርን የሚነካ በራሪ ወረቀት በትኗል ተብሎ በራሱ ፓርቲ ተመርምሯል።

ምላሹ ሁለት ዓይነት ሆነ። ኦክቶበር 16 ቀን ብዙ ሺህ ሰው በደቡብ ምሥራቅ ለንደን በዌሊንግ ወደሚገኘው የቢኤንፒ መጽሐፍ መደብር አመራ። ያ አካባቢ በዚያው ዓመት ኤፕሪል ጥቁሩ ወጣት ስቲቨን ሎረንስ አውቶቡስ ሲጠብቅ በዘረኞች ከተገደለበት ከኤልተም ብዙም አይርቅም። ሰልፉ ከፖሊስ ጋር በከባድ ግጭት አለቀ፤ መደብሩም እስከ 1995 ሳይዘጋ ቆየ።

ሁለተኛው ምላሽ ካሜራ አልተከተለውም። አይል ኦፍ ዶግስ ውስጥ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች፣ የሠራተኛ ማኅበራት አባላትና ነዋሪዎች ክረምቱን ሙሉ ቤት ለቤት ዞሩ። መዝገብ ላይ ስሙ የሌለውን አስመዘገቡ፤ ወደ ምርጫ ጣቢያ ብቻቸውን መሄድ የሚፈሩትን የባንግላዴሽ ተወላጆች አጅበው ወሰዱ። በሜይ 1994 መደበኛው ምርጫ ሲደርስ ከተመዘገበው መራጭ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ወጣ። ቢከን ተሸነፈ። አስደናቂው ነገር ያገኘው ድምፅ ሲያሸንፍ ካገኘው ይበልጥ ነበር፤ ከ2,000 አልፏል። ደጋፊዎቹ አልከዱትም። ከቤታቸው የማይወጡት የነበሩት ናቸው የወጡት።

እንቁላሉና ቁጥሩ

በ1999 የፓርቲው መሪ የሆነው ኒክ ግሪፊን በካምብሪጅ የተማረ ሰው ነው። ተከታዮቹን ቦት ጫማ አስወልቆ ክራቫት አሳሰራቸው፤ ከሰልፍ ይልቅ የምክር ቤት ወንበር ላይ እንዲያተኩሩም አደረገ። በ2001 የዘር ግጭት በታየባት በበርንሊ ከተማ በ2002 ሦስት ወንበር ተገኘ፤ በዓመቱ ስምንት ሆነ። ይህን ለመግታት በ2003 «ዩናይት አጌንስት ፋሺዝም»፣ በ2004 ደግሞ «ሆፕ ኖት ሄት» የተባሉ ድርጅቶች ተመሠረቱ። የመጀመሪያው ወደ አደባባይ፣ ሁለተኛው ወደ በር ያደላ ነበር።

በጁን 2009 በአውሮፓ ፓርላማ ምርጫ ግሪፊን በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ አንድሩ ብሮንስ በዮርክሻየርና ሀምበር ተመረጡ። በአገር ደረጃ ፓርቲው ወደ 943,000 ድምፅ፣ 6.2 በመቶ አገኘ። ከምርጫው በፊት የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ሮዋን ዊልያምስና ኡጋንዳዊው የዮርክ ሊቀ ጳጳስ ጆን ሴንታሙ ምእመናን ለዚህ ፓርቲ ድምፅ እንዳይሰጡ በጋራ ተማጽነው ነበር። ቆጠራው ማታ ተቃዋሚዎች የማንችስተር ማዘጋጃ ቤትን በር ይዘው ግሪፊን እንዳይገባ አዘገዩት። ከሁለት ቀን በኋላም ፓርላማ ፊት ለፊት ጋዜጣዊ መግለጫ ሲሰጥ በእንቁላል ተመታ፤ ፎቶው ዓለምን ዞረ።

የሰሜን ምዕራቡ ውጤት ግን ከእንቁላሉ ይልቅ የሚያሳስብ ነገር ይናገራል። ቢኤንፒ በ2004 በዚያ ቀጣና ወደ 135,000 ድምፅ አግኝቶ ወንበር አላገኘም። በ2009 ድምፁ ወደ 132,000 ወርዶ ወንበር አገኘ። ዮርክሻየርም ላይ እንዲሁ ድምፁ ቀንሶ አሸነፈ። በ2004 በነዚያ ቀጣናዎች ምርጫው በፖስታ ብቻ ስለነበረ ብዙ ሰው ተሳትፏል፤ በ2009 ያ ቀረ፤ የፓርላማ አባላት የወጪ ቅሌት ሕዝቡን አስቆጥቶ ያኔ ሥልጣን ላይ የነበረው የሌበር ፓርቲ መራጭ ቤቱ ተቀመጠ። ሚልዎል ላይ የታየው ነገር ተገልብጦ ተደገመ ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር 22 ቢቢሲ ግሪፊንን «ኩዌስችን ታይም» በተባለው የክርክር ዝግጅቱ ላይ ጋበዘ። ከቴሌቪዥን ማዕከሉ ውጭ ብዙ መቶ ሰው ተሰልፎ ጥቂቶቹ በሩን ጥሰው ገቡ። ወደ 8 ሚሊዮን ሰው ተመለከተው። «መድረክ አይሰጣቸው» የሚሉትና «በአደባባይ ይጋለጡ» የሚሉት የተከራከሩበት ጉዳይ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ለእኔ የመጀመሪያዎቹ ፍርሃት ይገባኛል፤ ያን ሌሊት ግን ግሪፊን ከመድረኩ አክብሮት ይዞ አልወረደም።

ባርኪንግና ዳገናም

የልማዱ ትልቁ ውጤት የተገኘው በምሥራቅ ለንደን ጫፍ ነው። ዳገናም ውስጥ የፎርድ ፋብሪካ በ1950ዎቹ 40,000 ያህል ሠራተኛ ነበረው፤ በ2002 መኪና መገጣጠም አቆመ። በዚያው የሚገኘው ቤኮንትሪ በሁለቱ የዓለም ጦርነቶች መካከል የተሠራ ከ25,000 በላይ የካውንስል ቤቶች መንደር ነው። ከ1980 ጀምሮ ተከራዮች ቤቱን እንዲገዙ ተፈቀደ፤ በምትኩ የተሠራው እጅግ ጥቂት ነበር። በሌላ በኩል ቤት ከለንደን ሁሉ የሚረክሰው እዚያ ስለሆነ ከአፍሪካ የሄዱ ቤተሰቦችም እዚያ መጡ።

ቢኤንፒ በ2006 «አፍሪካውያን ለኤሴክስ» በሚል ርእስ ወረቀት በተነ። አፍሪካውያን ወደዚያ እንዲዛወሩ ቤት መግዣ እስከ 50,000 ፓውንድ በስጦታ ይሰጣቸዋል ይል ነበር። ፈጽሞ ውሸት ነው። ቤት ፍለጋ ዓመታት የተሰለፈ ሰው ግን አመነው። ፓርቲው 13 እጩ አቅርቦ 51 ወንበር ባለው የባርኪንግና ዳገናም ምክር ቤት 12 ያዘ፤ ዋናው ተቃዋሚ ሆነ። በ2010 ግሪፊን ራሱ ለፓርላማ እዚያው ተወዳደረ፤ ምክር ቤቱንም ለመቆጣጠር ተነሳ።

በወቅቱ የባርኪንግ የፓርላማ አባል የነበሩት ማርጋሬት ሆጅ የግብጽ ተወላጅ፣ የአይሁድ ስደተኞች ልጅ ናቸው። በ2006 ብዙ ነጭ መራጮቻቸው ቢኤንፒን ሊመርጡ እንደሚከጅሉ በይፋ በመናገራቸው ፓርቲውን አስተዋወቁ ተብለው ክፉኛ ተወቅሰዋል። ከዚያ በኋላ ግን አራት ዓመት በየሠፈሩ ነዋሪውን ሻይ እየጋበዙ ስለ ቆሻሻ፣ ስለ ተሰበረ የእግረኛ መንገድ፣ ስለ ቤት ወረፋ ሲያዳምጡ ኖሩ። ሆፕ ኖት ሄት በበኩሉ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ከተሞች ፈቃደኞችን አመጣ። ቅዳሜና እሑድ ብዙ መቶ ሰው ተሰብስቦ ካርታ እየተከፋፈለ ይወጣ ነበር። የሚታደለው ወረቀት አንድ ዓይነት አልነበረም፤ ለጡረተኛው፣ ለእናቶች፣ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ለየብቻ ተዘጋጀ። ጥቁሮች የሚበዙባቸው አብያተ ክርስቲያናት ምእመኖቻቸውን አስመዘገቡ።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያውያን የሚሆን አንድ ነጥብ አለ። የኮመንዌልዝ አገር ዜጋ፣ ለምሳሌ ናይጄሪያዊ ወይም ጋናዊ፣ ብሪታኒያ ውስጥ በሕጋዊ መንገድ እስከኖረ ድረስ ዜግነት ሳይወስድ መምረጥ ይችላል። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል ስላልሆነች ኢትዮጵያዊ እንግሊዝ ውስጥ የሚመርጠው የብሪታኒያ ዜግነት ሲያገኝ ነው። በር ለማንኳኳትና ወረቀት ለማደል ግን ዜግነት አይጠየቅም።

ሜይ 6 ቀን 2010 ሆጅ 24,628 ድምፅ አገኙ፤ ግሪፊን በ6,620 ድምፅ ሦስተኛ ወጣ። ቢኤንፒ 12ቱንም ወንበሮች አጣ፤ ሌበር 51ዱንም ወሰደ። የፓርላማና የምክር ቤት ምርጫ በአንድ ቀን መዋሉ ብዙ ሰው እንዲወጣ አግዟል፤ ዘመቻውን ያካሄዱትም ይህን አይክዱም።

ከዚያ ወዲህ

ቢኤንፒ በዕዳና በውስጥ ሽኩቻ ተዳከመ። በ2014 ግሪፊን የአውሮፓ ፓርላማ ወንበሩን አጣ፤ በዚያው ዓመት ከራሱ ፓርቲ ተባረረ። በ2018 ፓርቲው አንድም የምክር ቤት አባል አልቀረውም። ቁጣው ግን አብሮት አልጠፋም። በ2014ቱ የአውሮፓ ምርጫ አንደኛ የወጣው፣ ከአውሮፓ ኅብረት መውጣትን ያቀነቅን የነበረው የናይጀል ፋራጅ ፓርቲ ዩኪፕ በ2015 በዚያው በባርኪንግ ከአምስት መራጮች የአንዱን ድምፅ አግኝቶ ሁለተኛ ሆነ። የቤት ወረፋው እንዳለ ነበር።

ፋራጅ በጁላይ 2024 ከክላክተን ለፓርላማ ተመረጠ፤ ሪፎርም ዩኬ የተባለው ፓርቲው በሜይ 2025 በእንግሊዝ ከ600 በላይ የምክር ቤት ወንበር አሸነፈ። ሪፎርም ቀኝ አክራሪ መባልን አይቀበልም፤ ደጋፊዎቹም ከቢኤንፒ ጋር መነጻጸርን እንደ ስድብ ያዩታል። በአደባባይ የሚሰለፈው «ስታንድ አፕ ቱ ሬሲዝም» በስደተኞች ላይ የሚካሄደውን ቅስቀሳ አንድ አድርጎ ይቃወማል። በር የሚያንኳኩት ደግሞ፣ መራጩን «ፋሺስት መረጥህ» ማለት በ1994ም በ2010ም እንዳልሠራ አስታውሰው፣ አሁን በሩ ሲከፈት በምን ቃል እንደሚጀምሩ እየተከራከሩ ነው።