ከቡና ከረጢት እስከ ሙዚየም ግድግዳ፦ በትዕዛዝ የሚሠራ ሥዕል በጅማ

ጅማን በእግር ዞር ዞር ስትሉ ሥዕል ታያላችሁ። የጁስ ቤት በር ላይ አቮካዶና ማንጎ፣ የቡና መሸጫ ግድግዳ ላይ ጀበና፣ የጤና ጣቢያ አጥር ላይ ልጇን የምታጠባ እናት። የተቆላ ቡና ስትገዙም ከረጢቱ ላይ አንድ ሥዕል አለ። ይህን ሁሉ የሠራ ሰው አለ፤ ስሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ የትም አይጻፍም።

ይህ ኢሉስትሬሽን የሚባለው ሥራ ነው። ሰዓሊው ሥዕሉን ለኤግዚቢሽን አይሠራውም፤ የሌላ ሰው ምርት፣ ታሪክ ወይም መልእክት ይዞ ነው የሚነሳው። ደንበኞቹም በሦስት ይከፈላሉ ማለት ይቻላል፤ ምርት የሚሸጡ ድርጅቶች፣ መጽሐፍ አሳታሚዎች፣ እንዲሁም እንደ ሙዚየምና ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተቋማት። ሦስቱም ሥዕል ይገዛሉ፤ የሚገዙት ነገር ግን አንድ አይደለም።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የብራና መጻሕፍት ሥዕሎች በትዕዛዝ ይሠሩ ነበር። በቅርቡ ዘመንም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ እ.ኤ.አ. በ1961 በተከፈተው የአዲስ አበባው አፍሪካ አዳራሽ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍን የመስታወት ሥዕል ሠርተዋል፤ የአፍሪካን ትናንት፣ ዛሬና ነገ በሦስት ክፍል። ቴምብርም ነድፈዋል። ትልቅ ሰዓሊ የትዕዛዝ ሥራ አይነካም የሚል አስተሳሰብ ካለ እንግዲህ ይህን ያስታውስ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ከመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ወጥተውም ማስታወቂያና መጽሐፍ የሠሩ ብዙ ናቸው። እንደ ጅማ ባሉ ከተሞች ደግሞ ሙያው ያደገው በማስታወቂያ ጽሕፈት ሱቆች ውስጥ ነው፤ ቆርቆሮ ላይ በብሩሽ ስም መጻፍ፣ ከጎኑ መቀስ ወይም መርፌ መሣል። የባነር ማተሚያ ሲመጣ ያ ሥራ ቀነሰ። የብሩሹ ሰው ወይ ኮምፒውተር ለመደ፣ ወይ ወደ ግድግዳ ሥዕል ዞረ።

ጅማ ላይ ስለ ብራንድ ሲወራ ቡና ይቀድማል። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም የአካባቢው ሰዓሊ ከማንም የሚበልጠው እዚህ ነው።

ኢትዮጵያ ስማቸውን በንግድ ምልክትነት ውጭ አገር አስመዝግባ የታወቀችባቸው ቡናዎች ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር ናቸው። የሦስቱ ስም ብቻውን ይሸጣል። የጅማና የሊሙ ቡና ግን ከረጢቱ ላይ ባለው ሥዕል ጭምር ራሱን ማስተዋወቅ አለበት። ታዲያ ከረጢቱ ላይ የሚቀመጠው ምንድን ነው? ወይ ቡናን አገኘ የሚባለው እረኛ ካልዲና ፍየሎቹ፣ ወይ ከኢንተርኔት የወረደ የቡና ፍሬ። ካልዲን አልጠላም፤ በተለይ ጎማ ወረዳ ጮጬ ላይ ቡና የተገኘው እኛ ጋ ነው ስለሚባል ታሪኩ የአካባቢው ነው። ግን ሁሉም ከረጢት ላይ ፍየል ከዘለለ ገዢው አንዱን ከሌላው በምን ይለያል?

ቡና ባለበት ያደገ ሰዓሊ የሚያውቀው ብዙ ነው። እሸት ቡና ቅርንጫፉ ላይ ተበትኖ አይንጠለጠልም፤ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሚወጡበት አንጓ ላይ ነው ተሰብስቦ የሚያፈራው። የጅማ ቡና በብዛት የሚታወቀው ከነገለባው በፀሐይ ደርቆ ነው፤ ሊሙ ደግሞ በታጠበ ቡናው ስም አለው። ስለዚህ ደረቅ ቡና የሚሸጥ ሰው ከረጢት ላይ የውኃ ቦይ መሣል ስህተት ነው፤ ማድረቂያ አልጋ ላይ ተዘርግቶ የሚገላበጥ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ ነው የሚያስፈልገው። ቡናው የሚበቅለውም በጥላ ሥር ነው፤ ሰሳ፣ ዋንዛ፣ ብሳና። ሜዳ ላይ በመስመር የተተከለ ቡና የሌላ አገር እርሻ ነው የሚመስለው። ቡና የሚያውቅ ገዢ ይህን በአንድ አፍታ ያየዋል፣ ሰዓሊው አካባቢውን እንደማያውቅም ይገባዋል።

ሥራው እንዲህ ይሄዳል። መጀመሪያ ሰዓሊው ይጠይቃል፤ ለማን ነው የሚሸጠው፣ ከረጢቱ ምን ያህል ነው፣ በስንት ቀለም ይታተማል? ከዚያ ሁለት ሦስት ንድፍ በእርሳስ ያቀርባል። ባለቤቱ አንዱን ይመርጣል፣ ቀለም ይገባል፣ ፋይሉ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል። ብዙ ጭቅጭቅ የሚነሳው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ነው። ስክሪን በብርሃን ያሳያል፣ ማተሚያ በቀለም ያትማል፤ ስልክ ላይ የደመቀው አረንጓዴ ወረቀት ላይ ደብዝዞ ቢወጣ አይገርምም። ስለዚህ ሙሉው ከመታተሙ በፊት ናሙና አሳትሞ በቀን ብርሃን ማየት ግድ ነው። ሎጎ ከሆነ ደግሞ በቬክተር፣ ማለትም ቢተልቅም ቢያንስም ጥራቱ በማይቀንስ የኮምፒውተር ሥዕል፣ ይሠራ፤ ካልሆነ ለቢዝነስ ካርድ ያማረው ነገር የሱቅ ታፔላ ላይ ሲለጠጥ ይፈርሳል።

ወደ አሳታሚዎች እንምጣ። አብዛኞቹ ያሉት አዲስ አበባ ነው፣ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ። ጅማ የተቀመጠ ሰዓሊ ከእነሱ ጋር የሚሠራው በስልክና በቴሌግራም ነው። (ሥዕሉን እንደ ፎቶ አትላኩ፤ ቴሌግራም ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል። እንደ ፋይል ላኩት።) ዋናው ሥራ የልጆች መጽሐፍ ነው። ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ የሚባለው ፕሮጀክት በኢትዮጵያ ቋንቋዎችና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን የሚያወጣቸው የልጆች መጻሕፍት አሉ፤ ኢትዮጵያውያን ሰዓሊዎችም ሠርተውባቸዋል። ጥበብ ገርልስ የሚባለው የልጆች ሥራም በአኒሜሽንም በኮሚክ መጽሐፍም ወጥቷል። በሩ ክፍት ነው ማለቴ ነው።

የልጆች መጽሐፍ የራሱ ሕግ አለው። ወረቀት ታጥፎ ስለሚጠረዝ የገጽ ብዛት እንደፈለጉ አይቆረጥም፤ 16፣ 24፣ 32 እያለ ይሄዳል። ሰዓሊው ታሪኩን በእነዚያ ገጾች ላይ ቀድሞ ማከፋፈል አለበት፤ ዋና ገጸ ባሕርይዋ ደግሞ በ3ኛው ገጽ ላይ የነበራት ፊት በ20ኛው ላይም የእሷ መሆን አለበት። ለጅማ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አንድ መጽሐፍ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሲወጣ የቁቤው፣ ማለትም በላቲን ፊደል የሚጻፈው የኦሮምኛው፣ ጽሑፍ ከአማርኛው በጣም ይረዝማል። ለአማርኛው ብቻ ቦታ የተወው ሥዕል ላይ የኦሮምኛው ዓረፍተ ነገር የልጅቷን እግር ይሸፍናል። ቁቤ ከ1984 ዓ.ም. ጀምሮ የትምህርት ጽሑፍ ሆኖ እያለ ይህን የማያስብ አሳታሚ አሁንም መኖሩ ያናድዳል። ባዶ ቦታውን በረዥሙ ጽሑፍ ልክ መተው ነው መፍትሔው።

ተቋማት ሌላ ዓለም ናቸው። እዚህ ከውበት በፊት ትክክለኛነት ይጠየቃል። ጅማ አጠገብ ጅሬን ላይ ያለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ የነበሩት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨት ሥራው ብቻ ለአንድ ሰዓሊ የወራት ጥናት ይሆናል። የጅማ ሙዚየም የቤተ መንግሥቱን ዕቃዎች ይዟል። መስታወት ውስጥ የተቀመጠ ዕቃ ግን ማን እንደያዘውና ለምን እንዳገለገለ አይናገርም፤ ያንን የሚያሳየው ሥዕል ነው። ከአንድ ግንድ የሚጠረበውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ የሚሥል ሰው ሦስቱን እግር ለየብቻ ተሠርተው እንደተገጠሙ አድርጎ ቢሥላቸው ጠራቢው ወዲያው ይስቃል። አባቶችንና እናቶችን ሄዶ መጠየቅ፣ ንድፉን አሳይቶ ማስተካከል፣ የሥራው አካል ነው። ለዚህም ጊዜ ይከፈል።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ከተመሠረተበት ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ ማኅበረሰቡ ውስጥ ገብቶ ማስተማርን መለያው ያደረገ ስለሆነ የጤናና የግብርና መልእክት ሥዕሎች እዚህ ከተማ ያስፈልጋሉ። የወባ ትንኝ እንደ ዶሮ ተልቃ ከተሣለች አንዳንዱ አንባቢ እንዲህ ያለች ትንኝ እኛ ሰፈር የለችም ብሎ መልእክቱን ሊተወው ይችላል። ሥዕሉ ከመታተሙ በፊት ለገበሬዎች አሳይቶ «ምን አያችሁ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ብር ያድናል።

አሁን ወደ ገንዘቡና ወደ ሕጉ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሥዕልን ሳይመዘገብም ይጠብቃል፤ የሰዓሊው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ብዙ ሰዓሊ የማያውቀው ግን አለ። በአዋጁ መሠረት በትዕዛዝ የተሠራ ሥራ ላይ ሌላ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ፣ ማለትም ሥዕሉን አባዝቶ ገንዘብ የማግኘት መብቱ፣ የአዛዡ ነው። ማለትም ለአንድ ከረጢት ብላችሁ የሠራችሁት ሥዕል ነገ ቲሸርትና ስኒ ላይ ቢወጣ፣ ውል ካልጻፋችሁ፣ ለመከራከር ይከብዳችኋል። ስለዚህ አንድ ገጽ ውል ጻፉ፤ ሥዕሉ ለምን ይውላል፣ ለስንት ጊዜ፣ ስንት ጊዜ በነፃ ይስተካከላል፣ ሥራው ቢሰረዝስ? በቃል «እንተማመናለን» የሚል ደንበኛ ክፉ ላይሆን ይችላል፣ ግን ንግዱ ሲሸጥ ወይም ወንድሙ ሲረከበው ቃሉ አብሮ አይተላለፍም።

ቅድሚያ ክፍያ ጠይቁ፤ ግማሹ ተገቢ ነው። ተቋማት ደግሞ ፕሮፎርማ፣ ንግድ ፈቃድ፣ ቲን ቁጥርና ደረሰኝ ይጠይቃሉ፤ እነዚህ የሌሉት ጎበዝ ሰዓሊ ሥራውን ፈቃድ ላለው ማተሚያ ቤት አሳልፎ ይሰጥና ከክፍያው ትንሹን ያገኛል። ሁለት ሦስት ሰዓሊዎች ተደራጅተው አንድ ፈቃድ ቢያወጡ ይህን ማስቀረት ይችላሉ።

ስምን በተመለከተ ጉዳዩ ከገንዘቡ የተለየ ነው። የሥራው ባለቤት ተብሎ የመጠራትና ሥዕሉ ተበላሽቶ ሲቀርብ የመቃወም መብት የሞራል መብት ስለሆነ የኢኮኖሚ መብቱ ለአዛዡ ቢሆንም እንኳ የሰዓሊው ነው። መጽሐፍ ከሆነ ስማችሁ ሽፋኑ ላይ ከደራሲው ቀጥሎ ይውጣ። ሙዚየም ከሆነ መግለጫው ሥር። የቡና ከረጢት ከሆነ ደግሞ ከጀርባው፣ የተቆላበት ቀን ከተጻፈበት አጠገብ፣ አንዲት አጭር መስመር ትበቃለች፤ ይህን ንድፉን ስታስረክቡ ሳይሆን ውሉን ስትፈርሙ ጠይቁ።